የሥቃይ ተመልካችና የሥቃይ ምስክር

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አፍላጦን፣ ወይም ብዙዎች እንደሚጠሩት ፕላቶ፣ ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ በአራተኛው ክፍል ሊዮንቲዮስ የተባለ አንድ ሰው ያጋጠመውን ያወሳል። ሰውዬው ከፒሬየስ ወደብ ወደ አቴና ሲወጣ ከግንቡ ውጭ፣ የሞት ቅጣት ፈጻሚው በነበረበት አጠገብ፣ የተጋደሙ ሬሳዎች አየ። ቀርቦ ለማየት ጓጓ፤ ነገር ግን መጓጓቱ ራሱን አስጠላውና ፊቱን ሸፈነ። ጥቂት ጊዜ ከራሱ ጋር ከታገለ በኋላ ምኞቱ አሸነፈው፤ ዓይኖቹን አፍጥጦ ወደ ሬሳዎቹ ሮጠና የገዛ ዓይኖቹን እየረገመ እስኪጠግቡ ድረስ ለቀቃቸው። ፈላስፋው ይህን ያነሣው በሰው ነፍስ ውስጥ ምኞትና ቍጣ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ነው። እኛ ግን ታሪኩን የምናነሣው በቅርቡ አንድ ፊልም ስንመለከት ከዚያ ሰው ጋር በአንድ መንገድ ላይ ቆመን ስለ ተገኘን ነው።

ፊልሙ «ማርቲር» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ሰማዕታት» ማለት ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ፓስካል ሎዥዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ፈረንሳይና ካናዳ በኅብረት ሠርተውት በ2008 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገርን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በፈረንጅ፣ የአገራችንን የሚመለከቱት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ከፈረንሳይ ብዙ አሰቃቂ ፊልሞች ወጥተዋል፤ ይህኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ተመልካቹን ለሁለት የከፈለ ነው።

ይህን ፊልም ያየነው ፈልገን አይደለም። ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላው የእኅታችን ልጅ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ያዩት አንድ ፊልም አለ፤ እርስዎ ምን ይሉኛል? ልየው ወይስ ልተወው?» ሲል ጠየቀን። ሳያዩ መፍረድ ለዳኛም ለአጎትም ነውር ነውና አስቀድመን አይተን መልስ እንደምንሰጠው ቃል ገባንለት። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ተቀምጠን ማየት ጀመርን። ሁለት ጊዜ አቋረጥነው፤ ሁለት ጊዜም ተመለስንበት። ማቋረጣችን አያስገርምም። መመለሳችን ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሲያሳስበን ይኖራል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሉሲ የተባለች ልጅ ከታሰረችበትና ከተሠቃየችበት ወና ሕንፃ አምልጣ እየጮኸች ስትሮጥ እናያለን። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ትገባለች፤ እዚያም አና የምትባል ጓደኛ ታገኛለች። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሉሲ፣ አሠቃዮቿ ናቸው ብላ ወዳመነችባቸው ባልና ሚስት ቤት ገብታ፣ እነርሱንም ሁለት ልጆቻቸውንም በጠመንጃ ትገድላለች። በቀሉ ግን አላሳረፋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታሳድዳትና ገላዋን የምትቈራርጣት አንዲት መንፈስ መሰል ሴት ነበረች። ያቺ ሴት፣ ሉሲ በምታመልጥበት ጊዜ ሳታድናት ጥላት የሄደችው የሌላ እስረኛ ምስል ናት። ገላዋን ይቈራርጥ የነበረው የገዛ እጇ፣ ይፈርድባት የነበረውም የገዛ ሕሊናዋ ነው። በመጨረሻ ራሷን ታጠፋለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስለ በቀል የተሠራ አንድ ኀዘንተኛ ፊልም ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን አና ከቤቱ ሥር የተሠራውን እስር ቤት ታገኛለች፤ ወዲያውም የቤቱ ባለቤቶች ማኅበርተኞች ደርሰው ይይዟታል። አለቃቸው «ማድሟዜል» እየተባለች የምትጠራ አንዲት አሮጊት ናት። አሮጊቷ ዓላማቸውን በጨዋ አነጋገር ታስረዳለች። ሰው ከልክ በላይ ቢሠቃይ አብዛኛውን ጊዜ ሰለባ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከብዙዎች መካከል አንዱ ግን ሥቃዩን ተሻግሮ፣ ሕይወቱ ሳትወጣ፣ ከሞት ወዲያ ያለውን ያያል፤ እርሱም ሰማዕት ነው ይላሉ። ለዚህም ወጣት ሴቶችን ይመርጣሉ። አና ትታሰራለች፤ ቀን ከቀን ትደበደባለች፤ በመጨረሻም ቆዳዋ ይገፈፋል። በዚያን ጊዜ ፊቷ በአንድ በማይታወቅ ብርሃን የተመሰጠ ይመስላል። አሮጊቷ ጆሮዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች፤ አናም ታንሾካሹክላታለች። እኛ ቃሉን አንሰማም። ደኅና የለበሱ፣ በዕድሜ የገፉ ማኅበርተኞች ምስጢሩን ለመስማት ተሰብስበው ሲጠባበቁ፣ አሮጊቷ መጠራጠሩን እንዲቀጥል ለረዳቷ መክራ ራሷን በሽጉጥ ትገድላለች።

ስለዚህ ፊልም ያለን ስሜት አንድ አይደለም። ሁለቱንም በተራ እናቅርብ።

በመጀመሪያ ቅሬታችንን እንናገር። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ በዱላ ላይ ዱላ ነው። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ምት ያልተረዳው ነገር በሃያኛው ምት አይገለጥለትም። አሠቃዮቹ ሴቶችን ስለሚመርጡበት ምክንያት የሚሰጡትም ማብራሪያ፣ አዘጋጁ ሴት ስትሠቃይ ለማሳየት የፈለገበትን ነገር የሚሸፍንበት ስስ መጋረጃ መሰለን። ከሁሉ በላይ ግን ታሪኩ የቆመበት አሳብ ያጠራጥረናል። ሥቃይ እውነትን ያወጣል የሚለው እምነት አዲስ አይደለም፤ የጥንት ዳኞችም ተከሳሹን እየገረፉ ያናዝዙ ነበር። ኢጣሊያዊው ቼዛሬ ቤካርያ ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት በ1764 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ግርፋት የሚመዝነው የሰውነትን ብርታት እንጂ እውነትን አይደለም። ጉልበተኛው ጥፋተኛ ችሎ ይለቀቃል፤ ደካማው ንጹሕ አልችል ብሎ ይፈረድበታል። የሚገረፍ ሰው የሚናገረው ገራፊው ሊሰማ የሚፈልገውን ነው። እንግዲህ በዚህ ዓለም ስላለ ነገር እንኳ እውነትን ያላስገኘ ሥቃይ፣ ከሞት ወዲያ ስላለው ነገር እንዴት ያስገኛል?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። በየቀኑ በየቤታችን የሚታዩት ፊልሞች የሰውን መሞት ጨዋታ አድርገውታል። ጀግናው ሠላሳ ሰው ገድሎ ሲያበቃ ቀልድ ይናገራል፤ እኛም ፈንድሻችንን እየቆረጠምን እንስቃለን። የሞቱት ሠላሳ ሰዎች እናት እንደነበራቸው ማንም አያስታውስም። «ማርቲር» ግን አንድም ምት ቀላል አድርጎ አያሳይም። ሉሲ የገደለቻቸው ሰዎች እንኳ ከመሞታቸው በፊት ሲጫወቱ፣ ሲነታረኩና ቁርስ ሲበሉ አይተናቸዋልና ሞታቸው ይከብደናል። በዚያ ሁሉ ጭካኔ መካከልም አና ያላትን ፍቅር አናጣም። ለጓደኛዋ ሬሳ ታለቅሳለች። በእስር ቤቱ ውስጥ ያገኘቻትን፣ ስሟን እንኳ የማታውቀውን ሴት ታጥባለች፤ ራሷ ላይ የተቸነከረውን ብረትም በጥንቃቄ ለመንቀል ትሞክራለች። ይህ ርኅራኄ ባይኖር ፊልሙን ወደ ጎን ጥለን ረስተነው ነበር።

ሌላም ያስደነገጠን ነገር አለ። አናን የሚያሠቃዩአት ሰዎች አይጠሏትም፤ አይቈጧትም። አንዷ መጥታ በማንኪያ ትመግባታለች፤ አንዱ መጥቶ ይመታታል፤ ሥራቸውን ፈጽመው ይሄዳሉ። በሰዓቱ ይገባሉ፤ በሰዓቱ ይወጣሉ። እኛም ሰዓት ጠብቀን የምንገባና የምንወጣ፣ የታዘዝነውን ፈጽመን ማታ በሰላም የምንተኛ ሰዎች ነን። እንዲህ ያለውን ሥራ ባንሠራም፣ ትእዛዝና ልማድ የሰውን ልብ ምን ያህል ሊያደነዝዙ እንደሚችሉ ከዚህ ፊልም የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያሳየን የለም። ጭካኔ ዘወትር የተቈጣ ፊት ይዞ አይመጣም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አሰቃቂ ነገርን በሥዕል ማየት ነፍስን ያጸዳልን ወይስ ያቆሽሻል? በዚህ ነገር ሁለት ታላላቅ መምህራን የተለያየ ነገር ነግረውናል። አርስቶትል ስለ ግጥምና ስለ ትያትር በጻፈው መጽሐፉ፣ በእውን ሲያዩት የሚያስከፋ ነገር፣ ለምሳሌ ሬሳ፣ ምስሉ በትክክል ተሥሎ ሲታይ ደስ እንደሚያሰኝ ያመለክታል፤ ምክንያቱም ሰው ከምስሉ ይማራልና ነው። አሳዛኝ ትያትርም በርኅራኄና በፍርሃት አማካይነት እነዚሁ ስሜቶች እንዲጠሩ ያደርጋል ይላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ደግሞ በኑዛዜው ስድስተኛ መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይነግረናል። ይህ ወጣት ሕግ ሊማር ወደ ሮማ ሄዶ ሳለ ጓደኞቹ ሰው ከሰው ጋር እስከ ሞት ወደሚዋጋበት ትርኢት ጎትተው ወሰዱት። አላይም ብሎ ዓይኖቹን ጨፈነ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ግን መቻል አቃተውና ገለጣቸው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በደሙ እንደ ወይን ጠጅ ሰከረ፤ ቆይቶም ሌሎችን የሚጎትት ሆነ።

በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ መዘንጋት አይገባም። በሮማ የሞቱት በእርግጥ ሞተዋል። አና ሆና የተጫወተችው ሞርጃና አላዊ ግን የሥራው ሰዓት ሲያልቅ የተቀባችውን ታጥባ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ስለዚህ ፊልም ማየት ከግድያ ትርኢት ጋር እኩል ነው የሚል ሰው ነገርን ያጋንናል። ሆኖም ደሙ ቀለም ቢሆንም የተመልካቹ ስሜት ቀለም አይደለም። ልብ የሚለምደውን ይለምዳል። አሊጲዮስን የጣለው ምን እንደ ሆነ ደግሞ ልብ እንበል። ዓይኖቹን ያስገለጠው የሚሞተው ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተመልካቹ ጩኸት ነበር። የእኅታችንም ልጅ «ጓደኞቼ ሁሉ ያዩት» ሲለን የሰማነው ይህንኑ ጩኸት ነው።

መንግሥታትም በዚህ ነገር ሲቸገሩ ኖረዋል። በፈረንሳይ የሞት ቅጣት በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ፣ ይፈጸም ነበር። በሰኔ 1939 ዓ.ም. በቬርሳይ በተፈጸመው ቅጣት ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ያሳየው ጠባይ ስላሳፈረ፣ ከዚያ በኋላ ቅጣቱ በግንብ ውስጥ እንዲፈጸም ተወሰነ። ቅጣቱ ራሱ የተሻረው በ1981 ዓ.ም. ነው። ልብ ብሎ ለሚመለከት ይህ አስገራሚ ነው፤ ከመግደሉ አስቀድሞ ያሳፈረው ማየቱ ነበር፤ መግደሉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ። በዚያው በፓሪስ ከ1897 እስከ 1962 ዓ.ም. «ግራን ጊኞል» የሚባል አንድ ትንሽ ትያትር ቤት፣ ዓይን ሲወጣና አንገት ሲቈረጥ እያስመሰለ ሲያሳይ ኖሯል። ሕዝቡ ከአደባባይ የተከለከለውን በትያትር ቤት ያገኘው ነበር።

«ማርቲር»ም በወጣበት ዓመት እንዲህ ያለ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ፊልሞችን የሚመረምረው ጉባኤ በመጀመሪያ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ እንዳያየው ወሰነ። በፈረንሳይ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ፊልም የሚያሳይ አዳራሽ ጥቂት ነውና። የፊልም አዘጋጆች ማኅበር ተቃወመ፤ የባህል ሚኒስትሯ ክሪስቲን አልባኔል ነገሩ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ፤ ጉባኤውም ክልከላውን ከማስጠንቀቂያ ጋር ወደ 16 ዓመት ዝቅ አደረገው። እንግዲህ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላው የእኅታችን ልጅ በመጀመሪያው ውሳኔ የተከለከለ፣ በሁለተኛው ደግሞ የተፈቀደለት ሆነ ማለት ነው። በጥቂት ሳምንት ልዩነት የልጁ ነፍስ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ቍጥሩ ብቻ ነው። ሕግ ቍጥር መወሰኑ ግዴታው ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ቍጥር ወላጅንና መምህርን ከማሰብ ነጻ አያወጣቸውም።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንምጣ። ፊልሙ የሚያልቀው ማርቲር የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ ምስክር ማለት መሆኑን በጽሑፍ በማሳየት ነው። ለፈረንሳይ ተመልካች ይህ ምናልባት አዲስ ነገር ይሆናል። ለእኛ ግን የቤታችን ቃል ነው። ሰማዕት የሚለው ቃል ሰምዐ፣ ማለት ሰማ፣ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ምስክርነትም ስምዕ ይባላል። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ የሰማዕትነት ሥሩ መስማት ነው፤ መስማትና የሰሙትን መናገር።

ቃሉን በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የማኅበርተኞቹ ስሕተት ይገለጣል። ሰማዕት የሚሆነው የተሠቃየ ሁሉ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚመሰክረው ነገር ያለውና ስለዚያ ነገር ሥቃይን የመረጠ ነው። በሚላኖ ካቴድራል ማርኮ ዳግራቴ በ1562 ዓ.ም. የቀረጸው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሐውልት አለ። ሐዋርያው የተገፈፈ ቆዳውን በትከሻው ላይ እንደ ኩታ ጣል አድርጎ ቆሟል። ገላው እንደ አና ገላ የተራቈተ ነው። ሆኖም በርተሎሜዎስ ቆዳው ስለ ተገፈፈ አልመሰከረም፤ ስለ መሰከረ ተገፈፈ። በአገራችንም አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ሲገደሉ፣ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እንቢ ማለታቸው አስቀድሞ ነበር፤ ሥቃዩ ተከተለ። «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገርም የሚመለከተው ይህን ነው። ሥቃይን አስቀድሞ ምስክርነትን ከእርሱ ለመጭመቅ መሞከር ግን ሰማዕት አያስገኝም፤ ሰለባ ብቻ ያበዛል።

ይህ ሚዛን ለእኛ ለተመልካቾችም ያገለግላል። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. የተፈጸመውን ጭፍጨፋ በተቀረጹ ምስሎች ያሳያል። የወደቁ ሰዎች፣ የሚጨፈጭፉ ወታደሮች ይታያሉ። በዚያ ስናልፍ ልባችን ይከብዳል እንጂ ማየታችን አያሳፍረንም። ለምን? ምስሎቹ የሞቱት ሰዎች ሊነግሩን የማይችሉትን ስለ እነርሱ ስለሚነግሩን ነው። እኛም ዓይናችንን ብቻ ሳይሆን ጆሯችንን ይዘን ስለምንቆም ነው። በፊልሙ ፊት ግን ዓይናችን ሁሉን አየ፤ የአናን ቃል ግን ሳንሰማ ቀረን። ምናልባት የሎዥዬ ሥራ ትልቁ ነገር ይህ ይሆናል፤ ቆዳን እስከ መግፈፍ ድረስ ሁሉን ካሳየ በኋላ አንዲቱን ሹክሹክታ ነፈገን። ሥቃይን ማየት የሠቃዩን ምስጢር እንደማያስገኝ እኛኑ አስቀምጦ አሳየን። ነገር ግን ይህን ለማስተማር ያን ሁሉ ማዕድ ዘርግቶ አብልቶናል። አብልቶ የበላውን የሚወቅስ ጋባዥ ነው። በዚህ ምክንያት አድናቆታችንም ቅሬታችንም አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም።

ለእኅታችን ልጅ የሰጠነው መልስ ምን ነበር? ፊልሙ በኪሱ በያዘው ስልክ ሊገኝ የሚችል ስለ ሆነ፣ በቍልፍና በቍጣ ልንከለክለው አልሞከርንም። በሚቀጥለው እሑድ አስቀምጠን ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃል ነገርነው፤ አሁን እንዳያየውም መከርነው። ዝም ብሎ አዳመጠ። ስንጨርስ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ልጅቱ ምን ብላ አንሾካሾከች?» የሚል ነበር። ማኅበርተኞቹም ተሰብስበው የሚጠብቁት ይህንኑ እንደ ነበረ ስንነግረው ደነገጠ። እኛም ደነገጥን፤ ፊልሙ ባለቀ ጊዜ በእኛም ልብ የመጣው ጥያቄ እርሱ ነበርና። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ያች በእስር ቤት የተገኘችው ሌላዋ ሴት በኋላ ምን እንደ ሆነች ጠየቀን። እንደ ገደሏት ነገርነው። ስሟ ማን እንደ ነበረ ጠየቀን፤ ስሟን ማንም እንዳልጠየቃት መለስንለት።

ከዚህ በኋላ ሊያየው ቢፈልግ የራሱ ፈንታ ነው። አስተዋይ ሰው የሆነ ቀን አይቶት ከእኛ የተሻለ ይፈርድ ይሆናል። «ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። ልብ የሚፈርደው ግን ዓይን ከመጥገቡ በፊት የሠቃዩን ድምፅ የሚሰማበት ጸጥታ ሲያገኝ ነው። ያን ጸጥታ ለልጆቻችን የሚሰጥ የሲኒማ አዳራሽ የለም፤ መርማሪ ጉባኤም ሊሰጣቸው አይችልም። ከቤታችንና ከትምህርት ቤታችን ካላገኙት ሌላ የሚያገኙበት ስፍራ የለም።